የተወሳሰበ ክር ሳይበጠስ እንዴት ይፈታል?

ክር ሲወሳሰብ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መጎተት ነው። እምቢ ካለ ደግሞ ወደ መቀስ። ሁለቱም ክሩን ያበላሹታል። ደሴ ውስጥ ለጋቢ የሚሆን ማግ (ሲሸመን በአግድም የሚገባውን ክር) ያስፈተለ ሰው የዚህን ጉዳት ያውቃል። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት እስኪሆን ያለውን ልፋት አይቷል። እሱን በአንድ ጉተታ መበጠስ ግፍ ነው።

አብሽሩ፤ አብዛኛው የተወሳሰበ ክር የሚመስለውን ያህል አልተቋጠረም። ቋጠሮ እንዲፈጠር የክሩ ጫፍ በራሱ ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለበት። የቱንም ያህል ቢረዝም ደግሞ አንድ ክር ያለው ሁለት ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ልቃቂት ተንዶ ሲዘበራረቅ የምታዩት በአብዛኛው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቀለበት ነው። ቀለበት ሲያላሉት ይለቃል፤ ሲጎትቱት ይጠብቃል። የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

መጀመሪያ ቦታ አመቻቹ። ነጭ ክር ከሆነ ጥቁር ጨርቅ አንጥፉ፣ ጥቁር ከሆነ ነጭ። የትኛው ክር በላይ፣ የትኛው በታች እንደሚያልፍ ካልታየ ሥራው ግምት ይሆናል። ብርሃንም ያስፈልጋል። ክረምት ላይ የደሴ ጠዋት ጉም ስለሚይዘው ረፈድ ሲል መስኮት ዳር መቀመጥ ይሻላል። ቀለበት፣ አምባርና ክር የሚይዝ ነገር ሁሉ ከእጃችሁ ይውለቅ።

ቀጥሎ ክሩን አናፍሱት። ገና ጫፍ አትፈልጉ። ክምሩን በሁለት እጅ ያዙና ከመሀል ወደ ዳር በቀስታ ዘርጉት። የታፈነው መሀል እስኪከፈት እያዞራችሁ ደጋግሙት። ቀለበቶቹ ሰፋ ሰፋ ሲሉ ብዙው በራሱ ይላቀቃል። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የተፈታ ነገር አይታይም። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ዋናው ይሄ ነው እላለሁ። ሳይናፈስ የተጀመረ ክር መጨረሻው መቀስ ነው።

አሁን ውሉን (የክሩን ጫፍ) ፈልጉ። ስታገኙት አትሳቡት። ካርቶን ቁራጭ ላይ ወይም ትንሽ ኳስ አድርጋችሁ መጠቅለል ጀምሩ። ሲይዛችሁ ወደ ያዘው ቦታ ሂዱና ቀለበቱን በጣታችሁ አስፉት። ከዚያ የጠቀለላችሁትን ኳስ በቀለበቱ ውስጥ አሾልኩት። ኳሱ ሲያድግ ማሾለኩ ይከብዳል። ያን ጊዜ ኳሱን አስቀምጡትና በተቃራኒው ክምሩን በዙሪያው አዙሩት። ከሌላ ሰው ጋር ከሆናችሁ አንዱ ክምሩን በተዘረጉ እጆቹ ላይ ይያዝ፣ ሌላው ይጠቅልል። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፣ ግን እንዳይጎትቱ ንገሯቸው።

እውነተኛ ቋጠሮ ሲያጋጥም ደንደን ያለ፣ ጫፉ የማይወጋ መርፌ አምጡ። ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ቋጠሮውን በጣትና በጣት መሀል እያሹ አለስልሱት። ከዚያ ክሩን ከቋጠሮው አታርቁት፤ ወደ ቋጠሮው ግፉት። ሲገፋ በውስጡ ክፍተት ይፈጠራል። መርፌውን በዚያ ክፍተት አስገቡና ከፍ አድርጉ። በጥርስ መፍታት ግን ይቅር። ምራቅ የነካው ጥጥ ያብጣል፣ ቋጠሮውም ይጠብቃል።

የክሩ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ጥጥ ሲርስ ጥንካሬው ይጨምራል፤ ሱፍ ግን ሲርስ ይዳከማል። ሱፍን በጣም ማሸትም አይገባም። የሱፍ ፀጉር እንደ ቅርፊት ያለ ሽፋን ስላለው በእርጥበትና በመታሸት እርስ በርሱ ይያያዛል። አንዴ እንዲያ ከተጋገረ መፍታት የለም። ስለዚህ የሹራብ ክር በደረቁ፣ ሳይጣደፉ ነው። በእጅ የተፈተለ ማግ ደግሞ ከፋብሪካ ክር ይልቅ ቶሎ ይበጠሳል፤ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ በቀጭኑ በኩል ይለቃል።

አንዳንዴ መቁረጥ የግድ ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ ቁረጡ፣ ያውም ከቋጠሮው አጠገብ። ማግ ከሆነ ሁለቱን ጫፎች ትንሽ ፍቱና አደራርባችሁ በእርጥብ ጣት አብራችሁ አክርሩት። ቋጠሮ አያስፈልግም። ድር (ሲሸመን በቁመት የሚወጠረው ክር) ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ድር ላይ የቀረ ወፍራም ቋጠሮ ሲሸመን ይይዛል፣ ሸማኔውንም ያስቸግራል። የት እንደቆረጣችሁ ስታስረክቡ ንገሩት።

እንዳይደገም ምን ይደረግ? እ.ኤ.አ. በ2007 ዶሪያን ሬይመርና ዳግላስ ስሚዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች የሙከራቸውን ውጤት አሳትመው ነበር። ገመድ ሳጥን ውስጥ ከተቱና ሳጥኑን አገላበጡት፣ ከ3,400 ጊዜ በላይ። ቋጠሮ የተፈጠረው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ከ46 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ አጭር ገመድ ግን አልተቋጠረም። ገመዱ ሲረዝም ቋጠሮው በዛ፤ ሳጥኑ ሲጠብ ቀነሰ። ልቅ የሆነው ጫፍ እየተንቀሳቀሰ በጥቅሉ መሀል ስለሚሾልክ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ፌስታል ውስጥ ልቅ ሆኖ የተጓዘ ክርም እንደዚያው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የጥቅሉን ሁለቱንም ጫፍ እሰሩ። ከዚያ ጥቅሉን በሦስት ወይም በአራት ቦታ፣ ቀለሙ በሚለይ ሌላ ክር ላላ አድርጋችሁ አስሩት። ስትጭኑትም ጠበቅ ያለ ነገር ውስጥ ይሁን፣ መንቀሳቀሻ ቦታ አይኑረው። ጥቅል ክር የምታጥቡ ከሆነ እንዲህ ካሰራችሁት በኋላ የትራስ ልብስ ውስጥ ከታችሁ እጠቡት።

የአንገት ሐብልም የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጉት፣ ጥቂት የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት፣ ቋጠሮውን በሁለት መርፌ እያላላችሁ ክፈቱት። ሲያልቅ በለሰለሰ ጨርቅ ጥረጉት። ስታስቀምጡት መቆለፊያውን ዝጉት፤ የተዘጋ ሐብል ልቅ ጫፍ ስለሌለው እንደ ክፍቱ አይቋጠርም።