በነፋስ ጊዜ የአበባ ፎቶ ብዥ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ግቢው ውስጥ አበባ ያለው ሰው ሁሉ ነፋሱን ያውቀዋል። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ ላይ ናት፤ ነፋስ የሚያግድ ነገር ብዙም የለም። ፎቶው ሲበላሽ ግን ካሜራውን ከመነካካት በፊት ፎቶውን አጉልቶ ማየት ይሻላል። ብዥታው ራሱ ምክንያቱን ይናገራል።

ችግር፦ የማይነቃነቀው ድንጋይ ሳይቀር ሁሉም ነገር ወደ አንድ ጎን ተጎትቷል።
ጥፋቱ የእጅ ነው። ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ያሳርፉ ወይም ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ይጠቀሙ።

ችግር፦ የአበባው ጠርዝ ብቻ ተጎትቷል ወይም ድርብ ሆኗል።
ይሄ ነፋስ ነው። እዚህ ላይ ትራይፖድ አይረዳም፤ የሚወዛወዘው አበባው ነው። የሻተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ ወደ 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያም ወደ ፈጠነ ያድርጉት። ፎቶው ከጨለመ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ይጨምሩ። ትንሽ ሻካራ የሆነ ፎቶ ከብዥታ በብዙ ይሻላል።

ችግር፦ ፍጥነቱ በቂ ነው፣ የፊተኛው ቅጠል ጥርት ብሏል፣ የአበባው መሃል ግን ብዥ ብሏል።
ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። በጣም ሲጠጉ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ነፋሱ ደግሞ አበባውን ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ እርስዎም ይገፋዋል፣ ይመልሰዋልም። ይህን ፍጥነት አያድነውም። አደይ አበባ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ከጽጌረዳ የባሰ ያስቸግራል።

መፍትሄው ግንዱን መያዝ ነው። ከአበባው አጠገብ ቀጭን እንጨት ይትከሉ። ግንዱን ከአበባው ዝቅ ብሎ፣ ፎቶው ውስጥ በማይገባ ቦታ፣ ላላ ባለ ክር ይሰሩት። ጠበቅ ካደረጉት ግንዱ ይጎዳል፤ ለአንድ ፎቶ ብሎ አበባ መስበር ደግሞ ነውር ነው። ከዚያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሰው ጋቢ ዘርግቶ ይቁምልዎ። ጋቢው ነጭ ስለሆነ ፀሐይ ካረፈበት ብርሃኑን ወደ አበባው ይመልሳል። ጥላው አበባው ላይ እንዳያርፍ ብቻ ይጠንቀቁ። አሁንም ካልሆነ ትንሽ ራቅ ብለው ያንሱና በኋላ የፎቶውን ዙሪያ ይቁረጡት።

ችግር፦ በስልክ ሲነሳ ፎከሱ (ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ) ከኋላ ያለው አጥር ላይ ይሄዳል።
ከሚገባው በላይ ተጠግተዋል ማለት ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉና አበባውን ስክሪኑ ላይ ይንኩት። ነፋሱ ፋታ ሲሰጥ በተከታታይ ብዙ ፎቶ ያንሱ።

ሰዓትም ለውጥ አለው። ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቅ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ፣ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ረገብ ይላል። በውርጭ ወራት ግን በረዶ የያዘውን አበባ አይንኩት፤ ቀልጦ እስኪያልቅ ይጠብቁ።