ጨዋታው በመጀመሪያው ምሽት ሲሞት፦ የመካከለኛው ዘመን የሚና ጨዋታ መነሻ ታሪክ ችግሮችና መፍትሄዎች

በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ የሚና ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዞ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል፤ ጨዋታ መሪው ደግሞ የተቀረውን ዓለም ይመራል። እንዲህ ያለው ጨዋታ ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የደንቡ ወይም የዳይሱ አይደለም፤ የታሪኩ መነሻ ነው። ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የማወጣው ከአንድ ቦታና ዘመን፣ በ1430ዎቹ መባቻ ከነበረው ግሸን አምባ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዐፄ ይስሐቅ ካረፉ በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 እስኪነግሡ ድረስ ዙፋኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ለንግሥና የሚታሰቡት የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች ደግሞ በዚያ ገደላም አምባ ላይ በጥብቅ ጥበቃ ሥር ይኖሩ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው የነገሡት ከዚያው ወርደው ነው። ጨዋታ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህን የመሰለ ሲሳይ በቀላሉ አይገኝም።

ምልክት፦ አርባ ገጽ ታሪክ ተጽፏል፣ ተጫዋቾቹ ግን «ታዲያ ምን እናድርግ?» ይላሉ

ምክንያቱ የዓለሙ ታሪክና የጨዋታው መነሻ መምታታታቸው ነው። «መንግሥቱ በወራሽ ጉዳይ ታውኳል» የሚለው ዜና ነው። ሰው ዜና ሰምቶ ጋቢውን ተከናንቦ ሊተኛ ይችላል።

መፍትሄው መነሻውን ለተጫዋቾቹ የሚሠሩትን በሚሰጥ ጉዳይ መጀመር ነው። ማን ምን ይፈልጋል? ማን ይከለክለዋል? እስከ መቼ? እነዚህን የሚመልሱ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ልብ ወለድ፦ «ንጉሡ በድንኳን ሰፈራቸው ሞተዋል፤ ሞታቸው ገና አልተነገረም። እናንተ ልዑል ለማምጣት ወደ ግሸን የምትሄዱ መልእክተኞች ናችሁ። ሁለት መኳንንት ግን በየፊናቸው ጠርተው የሁለት የተለያዩ ልዑላን ስም ሰጥተዋችኋል። ክረምቱ ገብቶ ወንዞቹ ሳይሞሉ መመለስ አለባችሁ።» አርባው ገጽ አይጣልም፤ ተጫዋች ሲጠይቅ ብቻ ከመሳቢያ ይወጣል።

ምልክት፦ ጉዳዩ ግልጽ ነው፣ ተጫዋቾቹ ግን «አያገባንም» ብለው ይሄዳሉ

በዚህ ብዙ ጨዋታ መሪዎች ተጫዋቾቻቸውን ይቀየማሉ። ቅያሜው ያለ ቦታው ነው። የተፈጠረው ገጸ ባሕርይ ቤት፣ ዘመድ፣ ዕዳ የሌለው መንገደኛ ከሆነ ንጉሥ ሞተ አልሞተ ምን ያደርግለታል? የመካከለኛው ዘመን ሰው እንዲህ ተፈትቶ የተለቀቀ አልነበረም። ርስት አለው፣ ጌታ አለው፣ የንስሐ አባት አለው፣ የተሳለው ስለት አለ።

ስለዚህ ገጸ ባሕርያት ከመነሻው በኋላ እንጂ በፊት አይፈጠሩ። መነሻውን ንገሯቸው፤ ከዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች ይህን ይመልስ፦ «ልዑሉ ካልወረደ ወይም ሌላው ከወረደ እኔ ምን አጣለሁ?» አንዷ ወንድሟ የአምባው ጠባቂ ነው፤ እስረኛ ካመለጠ የሚቀጣው እርሱ ነው። አንዱ ጉልቱን የተቀበለው ከሟቹ ንጉሥ ስለሆነ አዲሱ ንጉሥ ሊነጥቀው ይችላል። ሌላው ነጋዴ ነው፤ ከመኳንንቱ አንዱ ለእርሱ ያልከፈለው የአሞሌ ዕዳ አለበት። ከዚህ በኋላ ማንም መለመን አያስፈልገውም።

ምልክት፦ ተጫዋቾቹ አንድ ያልታሰበ ነገር ሲያደርጉ ታሪኩ ቀጥ ይላል

መልእክት ያመጣውን ሰው ገደሉት፣ ወይም ከሁለቱ ልዑላን ማንንም ሳያመጡ ሦስተኛ መረጡ። ጨዋታ መሪው ላብ ያጠምቀዋል፤ ከዚያም መልእክተኛው በተአምር ይነሣል። ምክንያቱ መነሻው መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያውቅ መሆኑ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ረጅም ልብ ወለድ ቢሆን ያምርበታል፤ ጨዋታ ግን ውሳኔውን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥ ሥራ ነው።

እኔ የማምንበት መድኃኒት አንድ ብቻ ነው። መጨረሻ አትጻፉ፤ ተጫዋቾቹ ባይኖሩ ኖሮ እያንዳንዱ ባላንጣ ምን ያደርግ እንደነበር ጻፉ። የመጀመሪያው መኮንን በሦስተኛው ቀን የራሱን ፈረሰኞች ወደ አምባው ይልካል። ሁለተኛው ለጠባቂዎቹ አለቃ ጉቦ ያቀርባል። የንጉሡ ሞት በሰባተኛው ቀን በገበያ ይወራል። ተጫዋቾቹ የፈለጉትን ቢያደርጉ ይህ ሰሌዳ ይንቀሳቀሳል፤ የነካኩት ክፍል ብቻ ይለወጣል። ጨዋታ መሪውም መጨረሻውን እንደ ሌላው ሰው እየጠበቀ ይጫወታል፤ የዚህ ሥራ ደስታ ከዚያ በላይ የለም።

ምልክት፦ ዘመኑ ልብስ ብቻ ሆኗል

ካባና ጎራዴ አለ፤ አነጋገሩ፣ ፍጥነቱና ምግቡ ግን የዛሬ ነው። ግሸንን መነሻ ካደረጋችሁ በመጀመሪያ የሚጣሉ ነገሮች አሉ። የጎንደር ግንብ የለም፤ ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ነው። የንጉሡ ዋና ከተማ በድንኳን የሚንቀሳቀስ ሰፈር ነው። በቀይ በርበሬ የተሠራ ዶሮ ወጥም አይቀርብም፤ ቃሪያ፣ በቆሎና ድንች ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ስለሆኑ ከ1492 በፊት ማንም አበሻ አልቀመሳቸውም። የማርያ ቴሬዛ ብርም ገና ሦስት መቶ ዓመት ይቀረዋል።

ይህ ማረም ብቻውን ጨዋታ አያድንም። ዘመኑን ዘመን የሚያደርገው ችግሩ ነው፤ ከችግሮቹም አንድ ሁለቱን መርጦ ማጥበቅ ይበቃል። እዚህ የዜና ዝግታ ምርጥ ነው፦ ሰው ከፈረስ በላይ አይፈጥንም፤ አምባው ላይ ያለው ልዑል መንገሡን ከማወቁ በፊት የሚያልፉት ቀናት ሁሉ የሴራ ቀናት ናቸው። መነሻችሁ አውሮፓ ከሆነም ያው ነው። «ጥቁሩ ሞት» ከተባለው ከ1348ቱ ወረርሽኝ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ የሠራተኛ እጥረት ሲፈጠር፣ በ1351 የወጣው ሕግ ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳይበልጥ ደነገገ። ሰብሉ ደርሷል፣ አጫጆቹ ጥቂት ናቸው፣ የጎረቤት ጌታ በሥውር የበለጠ ይከፍላል። ዘንዶ ሳያስፈልግ አንድ ወር ያጫውታል።

ምልክት፦ ጠላቱ አንድ ሕዝብ ወይም አንድ ሃይማኖት ነው

ይህ ከስንፍና የሚመጣ ነው፤ በእኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ደግሞ ጓደኛን ያስቀይማል። በዘመኑ በክርስቲያኑ መንግሥትና በሙስሊም ሱልጣኖች መካከል ጦርነት ነበር፤ ግን ያው ቤተ መንግሥት የባሕር ማዶ ዕቃውን በብዛት የሚያገኘው ከዘይላ ወደብ በሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች አማካይነት ነበር። የሐድያ ሙስሊም ገዥ ልጅ የነበሩት እሌኒ የዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ሆነው በቤተ መንግሥቱ ለአሥርታት ተሰሚነት ነበራቸው። ባላንጣችሁ ስም፣ ጥቅምና ፍርሃት ያለው አንድ ሰው ይሁን። ወገኖቹም ሁሉ ከእርሱ ጋር አይስማሙ።

ከመጀመሪያው ምሽት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

መነሻውን ለተጫዋቾቹ ለየብቻ አንብቡላቸውና መጀመሪያ የሚያደርጉትን ነገር ጠይቁ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ መንገዱ አንድ ብቻ ነውና ሌላ ፈላጊ ጨምሩ። ማንም መልስ ከሌለው ቀነ ገደቡ ሩቅ ነው፤ ክረምቱን በሁለት ሳምንት አቅርቡት። መልሶቹ እርስ በርስ የሚጋጩ ከሆነ ግን ተጨማሪ ነገር አትጻፉ፤ ወንበሮቹን አዘጋጁ።