ልብ ዙሪያ ውሃ የቋጠረ የካንሰር ታማሚ ቤታችሁ ካለ እነዚህን ነገሮች ተዉ

ካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሀኪም አይደለሁም፣ ሕክምናውን ሀኪሞቻችሁ ይነግሯችኋል። እኔ የምጽፈው ቤት ውስጥ ስለሚደረገው ነገር ነው፣ ምክንያቱም ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ሆስፒታል ከመምጣታቸው በፊት ነው፣ ሰሞኑን ደሞ ያንኑ ነገር ደግሜ አየሁትና ዝም ማለት አቃተኝ።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ካንሰር ከተነሳበት ቦታ ተሰራጭቶ ልብን የሚሸፍነው ከረጢት ጋ ሲደርስ ከረጢቱ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። በብዛት ከሳንባና ከጡት ካንሰር ነው የሚመጣው፣ ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) እና የደም ካንሰርም ያመጡታል። ጤነኛ ሰው ላይ እዛ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። እሱ ሲበዛ ልብ ከውጭ ትጨመቃለች፣ መሙላት ያቅታታል፣ ካልሞላች ደሞ የምትረጨው ደም የላትም። ታምፖናድ የሚሉት እሱን ነው፣ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

አሁን ወደ ላሲክስ፣ ሽንት ወደሚያሸናው ኪኒን። በእናታችሁ፣ ላሲክስ ተዉ!

ታማሚው እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣና «እናቴም እንደዚህ አብጣ ላሲክስ ነው ያዳናት» ይላል። የጎረቤትየው እናት የነበረባት ግን የልብ ድካም ነው፣ ሌላ በሽታ። ፋርማሲ ይኬዳል፣ ያለ ማዘዣ ይሸጣል (መሸጥ አልነበረበትም፣ ግን ይሸጣል፣ ሁላችንም እናውቃለን)፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ይሰጠዋል፣ ሽንቱ ይመጣል፣ ቤተሰቡም «ተመስገን ውሃው እየወጣለት ነው» ይላል። እየወጣ አይደለም! የወጣው ከደም ሥሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ልብ ዙሪያ የተቋጠረውን ላሲክስ አያወጣውም፣ እሱ በመርፌና በቱቦ ነው የሚቀዳው። እግሩስ ለምን አበጠ? ልብ ስለተጨመቀች ደም ወደ ውስጥ መግባት አቅቶት ወደ ኋላ ተከማችቶ ነው። በዛ ሰዓት ያቺን የተጨመቀች ልብ ትንሽም ቢሆን እየሞላት ያለው ከሰውነት የሚመለሰው ደም ነው፣ እናንተ ደሞ ኪኒኑን ሰጥታችሁ እሱኑ ትቀንሱባታላችሁ። ከዛ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ሰውየው ሊነሳ ሲል ይወድቃል፣ ከዛ ነው ወደኛ የሚሮጠው።

አንድ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው አባት እንደዚሁ በላሲክስ ሰንብተው ልጆቻቸው ተሸክመው አመጧቸው፣ እጃቸው በረዶ ሆኗል፣ ግፊታቸው አልለካ አለን። ለመቅዳት እየተዘጋጀ ሳለ ሀኪሙ በደም ሥር ፈሳሽ አዘዘላቸው፣ ትልቁ ልጅ «ውሃ በዝቶበት ታሞ እንዴት ውሃ ትጨምሩበታላችሁ?» ብሎ ጮኸብኝ። አልፈርድበትም፣ ላየው ሰው ግራ ያጋባል። ግን እስኪቀዳላቸው ያቆያቸው እሱ ፈሳሽ ነው። ተቀዳላቸው፣ ማታውኑ ቁጭ ብለው አጥሚት ጠጡ። ደስ ብሎኝ ኮሪደር ስወጣ ምን አየሁ፣ ልጅየው የተረፈውን ላሲክስ እግሯ ላበጠ ለሌላ ታማሚ አስታማሚ እየሰጠ! ከእጁ ነው የነጠቅኩት።

ሀኪም በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) አይቶ፣ ውሃው እንዳለ እያወቀ ያዘዘው ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን በራሳችሁ አታቋርጡ። የማወራው ከጎረቤት ስለመጣው ነው። የደም ግፊት ኪኒን ድሮም የሚወስድ ታማሚ ካላችሁም ውሃው እንደታወቀ ሀኪሙን ጠይቁ፣ ግፊቱ ወርዶ እያለ የግፊት ማውረጃ የሚውጥ ሰው ስንቴ አይቻለሁ።

ሁለተኛው፣ «ውሃው ትንሽ ነው ብለውናል» ብሎ መዘናጋት። ዋናው መጠኑ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። ቀስ እያለ በሳምንታት ከተጠራቀመ ከረጢቱ አብሮ ይለጠጣል፣ ከአንድ ሊትር በላይ ይዞ በእግሩ የሚመጣ ሰው አለ። ቶሎ ከሞላ ግን 150 እና 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ ያ ማለት አንድ ብርጭቆ እንኳን የማይሞላ ማለት ነው። ስለዚህ የእገሌ ሚስት ከዚህ የባሰ ነበረባት ምናምን እያላችሁ አታወዳድሩ።

ከታማሚው መደበቅ። «ሲስተር እባክሽ እንዳትነግሪያት፣ ብርድ ነው ያልናት።» ይሄን ያልሰማሁበት ሳምንት የለም። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ እናቱን ማስደንገጥ የሚፈልግ የለም። ግን ተመልከቱ፣ ብርድ ነው የተባለች እናት ሌሊት ጋደም ስትል ትንፋሽ ሲያጥራት ምን ታደርጋለች? ጋቢዋን ደርባ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ ታነጋለች፣ ልጆቼ ነገ ሥራ አላቸው ብላ አትቀሰቅስም። ለብርድ ማን ሰው ይቀሰቅሳል? ንገሯት ስል እድሜዋን ቁጠሩላት ማለቴ አይደለም፣ ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ እሷን ጠይቁ፣ የሚያስረዳ ሀኪም አብሯችሁ ይቀመጥ። ቢያንስ ቢያንስ ልብሽ ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል፣ እንዲህ እንዲህ ከተሰማሽ በየትኛውም ሰዓት ቀስቅሺን በሏት። እንዲህ እንዲህ ማለት፦ ተጋድሞ መተንፈስ አቅቶ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ መሻል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ሲቆሙ ማዞር ወይ ራስን መሳት፣ የአንገት ደም ሥር ተወጥሮ መታየት፣ የእግር ወይ የሆድ ማበጥ፣ የማይለቅ ደረቅ ሳል።

የድሮውን ካንሰር ለሀኪም አለመናገር ደሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጡቷ ከወጣ ዓመታት ያለፋት ሴት «እሱማ ድኛለሁ» ብላ ስለማታነሳው እኛም ሳናውቅ እንቀራለን። እኛ አገር ልብ ዙሪያ ውሃ ሲገኝ ሀኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቲቢ ነው፣ ትክክልም ነው፣ ቲቢ ብዙ ሰው ላይ ያመጣዋል። ግን ታሪኩ ካልተነገረው የስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ጀምራ ካንሰሩ ዝም ብሎ ይገፋል። በተቃራኒውም አለ፣ የካንሰር ታማሚ ሆኖ ውሃው ከካንሰሩ ሳይሆን ከቲቢ ወይ ከደረት ጨረር ሕክምና የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሲቀዳ ናሙናው ለምርመራ መሄዱን ጠይቁ፣ የመጀመሪያው ውጤት የካንሰር ሴል አልተገኘም ቢል ደሞ በቃ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ናሙናውን ፓቶሎጂ (የካንሰር ሴል የሚመረመርበት ላብራቶሪ) አድርሱ ተብላችሁ ከተሰጣችሁ፣ በዛኑ ሰዓት አድርሱ። ቦርሳ ውስጥ አድሮ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ መትቶት የመጣ ብልቃጥ አይቻለሁ፣ ከዛ «ናሙናው ተበላሽቷል» ሲባል ሰዉ ላብራቶሪውን ይራገማል።

ቱቦውን ቶሎ አውጡልን ማለት። አንዴ ብቻ ተቀድቶ የሚተው ውሃ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሞላል፣ ለዚህ ነው ቱቦው ለጥቂት ቀን የሚቆየው፣ በ24 ሰዓት የሚወጣው ወደ 25 ወይ 50 ሚሊ ሊትር እስኪወርድ ይጠበቃል። «ፋሲካን ቤቱ ይዋል» ብላችሁ ሀኪሙን አታስጨንቁት። ከወጣም በኋላ ለኢኮ ቀጠሮ የማይመጡ አሉ፣ ትንፋሹ ተሻለው እኮ ይላሉ። ኧረ ኑ። ደጋግሞ ከሞላ ከረጢቱን በትንሹ ከፍቶ ውሃው እንዲፈስ የሚያደርግ ኦፕሬሽን አለ፣ እሱን ለመወሰንም ክትትሉ ያስፈልጋል።

ጾም። ውሃ ሳይጠጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ደሙም ይቀንሳል፣ ከላይ ስለ ላሲክስ ያልኩትን አስታውሱ። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ለታመመ ሰው እንደሚፈቅዱ ታያላችሁ፣ ለሙስሊሙም ረመዳን ላይ በሽተኛ ፈቃድ አለው። ጸበልም ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር፣ ለካንሰር መድኃኒት የተለየ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አሜሪካ ያለው ዘመድ የላከው ቅጠል፣ ዱቄት፣ ካፕሱል፦ ለሀኪሙ አሳዩት። በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ።

ሞርፊን ከተጀመረ አበቃለት ማለት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። በትንሽ መጠን የትንፋሽ ማጠሩን ጭንቀት ያቀልላል፣ በሀኪም መጠን እየተሰጠ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ይወስዱታል። ሆድ ያደርቃል ብቻ፣ የሆድ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ድረስ እየሄደ የሚያስታምም ድርጅት ነው፣ ጠይቋቸው፣ ሞት አፋፍ ላይ እስኪደርስ አትጠብቁ።

«ልብ ጋ ደርሷል» ሲባል የሚያለቅሱና ኬሞውን ለማቆም የሚወስኑም አሉ። ከባድ ምልክት ነው፣ አልዋሻችሁም፣ በተለይ ከሳንባ ሲነሳ። ግን ውሃው ተቀድቶ ኬሞው ከቀጠለ ሊምፎማና ጡት ካንሰር ላይ የሚገኘው ጊዜ ብዙ ሊሆን ይችላል። ከመወሰናችሁ በፊት የየትኛው ካንሰር እንደሆነና ምን አማራጭ እንደቀረ ሀኪሙን ጠይቁ።

ስትመጡ ደሞ ታማሚውን መኪና ውስጥ በጀርባው አታስተኙት። ይደክመዋል ብላችሁ ታጋድሙታላችሁ፣ መንገድ ላይ ትንፋሹ ይያዛል። ቁጭ ይበል፣ ወደ ፊት ትራስ ይደገፍ፣ ፊት ወንበር ላይ ከሆነ ይሻላል። መኪና ከሌለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ስትደውሉ የካንሰር ታማሚ ነው ብቻ አትበሉ፣ ልቡ ዙሪያ ውሃ አለው በሉ። የመጨረሻውን የኢኮ ወረቀትና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ባዶ ካርቶኑንም ቢሆን፣ በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ በር አጠገብ ስቀሉት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቁም ሳጥን እያተራመሳችሁ እንዳትፈልጉት።