ከቤተ ሙከራ ወደ ፕሬዚዳንትነት፦ መሐንዲሶች መንገድ ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

ተመራማሪም ሆኖ ዩኒቨርሲቲም መምራት ለሚያስብ መሐንዲስ፣ ከ2000 እስከ 2016 የአሜሪካውን ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንትነት የመሩት ጆን ሄነሲ ያለፉበት መንገድ ብዙ ያስተምራል (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

የመጀመሪያው ስህተት ለሹመት መቸኮል ነው። ዶክትሬቱን ይዞ እንደተመለሰ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር ምርምሩ ሳይበስል ፊርማና ስብሰባ ይበላዋል፤ እኛም አገር ይህ አዲስ አይደለም። ሄነሲ በ1977 ረዳት ፕሮፌሰር ሆነው ገቡ፤ የምህንድስና ዲን የሆኑት በ1996 ነው። በመሀል ያሉት 19 ዓመታት ግን ሥራ የተሠራባቸው ናቸው። በ1981 ከተማሪዎቻቸው ጋር ሚፕስ የተባለውን የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩን ትእዛዞች የሚፈጽመው ክፍል) ፕሮጀክት ጀመሩ። በወቅቱ ፕሮሰሰሮች የሚሠሩት ውስብስብ ትእዛዞችን እንዲፈጽሙ ተደርገው ነበር። እነሱ ትእዛዞቹን ጥቂትና ቀላል አደረጓቸው፤ አንዱ ሳያልቅ ቀጣዩ እንዲጀምር አመቻቹ፤ እርስ በርስ እንዳይጋጩ አድርጎ የመደርደሩን ጣጣ ለኮምፓይለሩ፣ ማለትም ፕሮግራምን ወደ ፕሮሰሰር ትእዛዝ ለሚቀይረው ሶፍትዌር፣ ተዉለት። ሃርድዌሩ ቀለለ፣ ፈጠነም። በኋላ ዲንም ፕሬዚዳንትም ሲሆኑ ባልደረቦቻቸው የሚያውቋቸው በዚህ ሥራ ነበር።

ጽሑፉ ጆርናል ላይ ከወጣ በኋላ «አለቀ» ማለትም ሌላው ስህተት ነው። ሄነሲ በ1984 ሳባቲካል (ከማስተማር የሚያሳርፍ የምርምር ፈቃድ) ወስደው፣ ሐሳቡን ገበያ የሚያወጣ ኩባንያ ከሌሎች ጋር አቋቁመው ወደ ማስተማራቸው ተመለሱ። የዚያ ዘር ፕሮሰሰር ኒንቴንዶ 64 የተባለው የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ሁሉም መምህር ኩባንያ ይክፈት ማለቴ አይደለም። «የማኅበረሰብ አገልግሎት» የሚለውን ለሪፖርት ብቻ ከመሙላት ግን ውጤቱን አንድ ወርክሾፕ ውስጥ መሞከር ይሻላል።

ተፎካካሪን እንደ ባላንጣ የሚያዩም አሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመሳሳይ ሐሳብ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን ነበሩ። ሁለቱ በ1990 የኮምፒውተር አርክቴክቸር መማሪያ መጽሐፍ አብረው አሳተሙ፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁ የሚባለውን የቱሪንግ ሽልማት የ2017ንም አብረው ወሰዱ።

በጣም የሚጎዳው ስህተት፣ በእኔ አስተያየት፣ ዩኒቨርሲቲውን እንደ ራስ ቤተ ሙከራ መምራት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የማስትሬት ተማሪው የተባለውን ይሠራል። ቋሚ ቅጥር ያለው ፕሮፌሰር ግን ፕሬዚዳንቱን «አልስማማም» ብሎ ቢሮው ይገባል፤ ማንም አያባርረውም። ማሳመን ደግሞ በአንድ ቀን አይለመድም። ሄነሲ የቤተ ሙከራ ዳይሬክተር፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ዲን፣ ከዚያም ፕሮቮስት (ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ ያለው የአካዳሚክ ኃላፊ) ሆነው ነው ፕሬዚዳንትነት የደረሱት።

ገንዘብ መጠየቅን እንደ ልመና መቁጠርም የመሐንዲሶች አመል ነው። በሄነሲ ዘመን ስታንፎርድ በአንድ ዘመቻ ብቻ 6.2 ቢሊዮን ዶላር አሰባስቧል።

በመጨረሻ፣ የተጀመረን ነገር መተው እንደ ሽንፈት መታየቱ። በ2011 የኒው ዮርክ ከተማ አዲስ የምህንድስና ካምፓስ ለሚገነባ ዩኒቨርሲቲ ሩዝቬልት ደሴት ላይ መሬትና እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ድጋፍ አቀረበ። ስታንፎርድ ከዋነኞቹ ተወዳዳሪዎች አንዱ ነበር፤ ብዙ ተደክሞበታል። አሸናፊው ሊታወቅ ቀናት ሲቀሩት ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱን ከውድድሩ አገለለ፤ ካምፓሱ እንደሚሳካ እርግጠኛ መሆን አልቻለም ነበር። ዕድሉ ለአሜሪካው ኮርኔልና ለእስራኤሉ ቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲዎች ሆነ፤ ሄነሲም ከዚያ በኋላ ፕሬዚዳንትነቱን ለዓመታት ቀጠሉበት።