«ወንድ ከሆንክ ና ውጣ!»

ባለፈው ሳምንት አንዱ ተማሪዬ ከንፈሩ አብጦ መጣ። ቢጫ ቀበቶ ካሰረ ወር አልሞላውም። «ራሴን ስከላከል ነው፣ ማስተር» አለኝ። ከምን? ግሮሰሪ ውስጥ አንዱ «ምን ታፈጣለህ?» አለው። ቀጥሎ «ወንድ ከሆንክ ና ውጣ!» አለው። ወጣላ!

ቴኳንዶ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይሄን ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት! ልጁ ጃኬቱን ለጓደኛው አስይዞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ነው የወጣው። ጃኬት ለማስያዝ ጊዜ ያገኘ ሰው ሂሳብ ከፍሎ ቤቱ ለመግባት ጊዜ ያጣል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራሱን የተከላከለን ሰው አይቀጣም። ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። የጃኬቱን ነገር እንግዲህ ለዳኛው አስረዳ።

ሁለተኛው ጥፋቱ እኔንም ይነካኛል። ጂንስ ለብሶ፣ ዝናብ ባራሰው ኮብልስቶን ላይ፣ ወደ ጭንቅላት ካልቾ! ውድድር ላይ ጭንቅላት ያገኘ ካልቾ 3 ነጥብ አለው። ግሮሰሪ በር ላይ ነጥብ የሚይዝ የለም። በዚያ ላይ በውድድር ፊትን በቡጢ መምታት ስለማይፈቀድ፣ ልጆቻችን እጃቸውን አውርደው መቆም ይለምዳሉ። ሰውየው ታዲያ ደንቡን የት ያውቃል? በቴስታ አገኘው።

«አንድ ለአንድ ነን» ብሎ ማመን ሌላው ነው። የሱ ጓደኞች ይቅሩና ገላጋዩ ራሱ ጦስ ነው። ሁለት እጅህን ከኋላ ጠፍሮ «ተው፣ ተው» ሲልህ ያኛው በነፃ ይመታሃል።

ሴንጢ ካየህ ስልኩን ስጥ። በቃ።

ማጅራት መቺ «ና ውጣ» አይልህም። ከኋላ ነው የሚመጣው። አገጭህን ደረትህ ውስጥ ቅበር፣ ያነቀህን ክንድ በሁለት እጅህ ወደ ታች ሳብ፣ ወደ ክርኑ ዞረህ ውጣ፣ ጩህ፣ ሩጥ። ይሄን ሳሠራ ግማሹ ያዛጋል። ዞሮ መምታት ስል ግን የተቀመጠው ሁሉ ይነሳል።

እኔስ ብትሉ፣ ጥቁር ቀበቶ በያዝኩ ሰሞን መገናኛ የታክሲ ወረፋ ላይ አንዱ ከፊቴ ገባ። ተመለስ ስለው ሳቀ። ወረፋውማ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሰው አየኝ ብዬ ነው። ጠረብኩት። ሲወድቅ ቅንድቡ በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተተረተረ። ደሙን ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። ፖሊስ ጣቢያ አደርኩ፣ የስፌቱን እናቴ ከፈለች፣ ነገሩ በሽማግሌ አለቀ። ሰውየውን አሁንም አልፎ አልፎ እዚያው ወረፋ ላይ አገኘዋለሁ። ቅንድቡ መሃል ላይ ፀጉር አልበቀለም። ሲያየኝ ይስቅና «ማስተር፣ ና ቅደመኝ» ይለኛል።