የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአሜሪካን ታሪክ በኢንተርኔት መዛግብት እንዴት ማስተማር ይቻላል?

ከ1900 እስከ 1930 ድረስ ያለውን የአሜሪካ ታሪክ የሚያስተምር ሰው የጽሑፍ እጥረት የለበትም። በሚሊዮን የሚቆጠር የጋዜጣ ገጽ፣ ፎቶግራፍ፣ የችሎት መዝገብና የድምፅ ቅጂ ያለ ምንም ክፍያ በኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ችግሩ መምህሩ ይህን ሁሉ ትቶ ከፍለጋው አናት ላይ ያገኘውን አጭር ማጠቃለያ ገልብጦ ክፍል መግባቱ ነው። ያንን ማጠቃለያ ተማሪው በስልኩ ቀድሞ አንብቦታል። ስለዚህ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት አልቋል።

ይህ መመሪያ ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንና በአሜሪካ ትምህርት ቤት ይህን ዘመን የሚማር ልጅ ላላቸው ወላጆች የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መዛግብቱ ውስጥ ሲፈልጉም በዚሁ አቆጣጠር ይጠቀሙ።

1. ዘመኑን ትተው አንድ ቀን ይምረጡ

መማሪያ መጻሕፍት ይህን ዘመን በትልልቅ ርዕሶች ይከፋፍሉታል፦ ኢንዱስትሪ፣ ስደት፣ የሠራተኛ ማኅበራት፣ የሴቶች መብት። ርዕሶቹ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ተማሪ በርዕስ አይያዝም። እኔ የምመክረው እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ የተገናኙበትን ቀን መምረጥ ነው። ለዚህ ከማርች 25 ቀን 1911 የተሻለ አላውቅም።

በኒውዮርክ ከተማ፣ ከዋሽንግተን አደባባይ አጠገብ በነበረ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ትራያንግል የተባለ የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ የላይኞቹን ሦስት ፎቆች ይዞ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሰናዱ፣ ስምንተኛው ፎቅ ላይ በቁርጥራጭ ጨርቅ ማጠራቀሚያ ውስጥ እሳት ተነሣ። አሥረኛው ፎቅ ላይ ለነበሩት በስልክ ተነገራቸው፤ ለዘጠነኛው ፎቅ ሠራተኞች ግን ማንም አልነገራቸውም። ወደ ደረጃ ከሚያወጡት በሮች አንዱ ተቆልፏል። በውጭ በኩል የነበረው የብረት መሸሺያ ደረጃ የሰዉን ክብደት መሸከም አቅቶት ተገነጠለ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል የደረሰው እስከ ስድስተኛው ፎቅ ብቻ ነበር። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓና ከጣሊያን የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1909፣ የዚሁ ፋብሪካ ሴቶች በኒውዮርክ የሸሚዝ ሠራተኞች ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ውስጥ ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ነበሩ። እሳቱን በዐይኗ ያየችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ በ1933 የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በካቢኔ ውስጥም የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስደቱ፣ አድማው፣ ችሎቱ፣ ሕጉ፣ የሴቶች ሚና ሁሉም ከዚህ አንድ ቀን ይመዘዛሉ።

ለታናናሽ ልጆች እሳቱ ይከብዳቸዋል ብለው ካሰቡ ኦክቶበር 1908ን ይውሰዱ፤ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በ850 ዶላር ለገበያ ያቀረበበት ጊዜ ነው። አካሄዱ ያው ነው።

2. ከጥቂት ቦታዎች አይውጡ

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጋዜጦችና የፎቶግራፎች ስብስብ የመጀመሪያው ማረፊያዎ ይሁን። ሁለተኛው የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው፤ ከሰነዶቹ ጎን ተማሪ ሰነድን እንዴት እንደሚመረምር የሚመሩ ባለ አንድ ገጽ ቅጾች አሉት። ስለ እሳቱ ደግሞ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኪል ማዕከል የተባለው የሠራተኛ ታሪክ መዝገብ ቤት ያዘጋጀውን ድረ ገጽ የሚተካከል የለም፤ የሟቾቹ ስም ዝርዝር፣ ፎቶግራፎችና ከእሳቱ የተረፉ ሰዎች ከዓመታት በኋላ የሰጡት ቃል በአንድ ቦታ ይገኛል። ሙሉ የትምህርት ዕቅድ የሚፈልግ መምህር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረውን፣ ተማሪን እንደ ታሪክ ተመራማሪ ማንበብ የሚያለማምደውን ስብስብ ይመልከት። በነፃ ይመዘገባሉ፤ ከዚያ ያወርዳሉ።

ከእነዚህ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ከእነዚሁ የተቀዱ ናቸው፤ ሲቀዱም ብዙ ጊዜ የሰነዱን ቀንና ምንጭ ጥለውት ይሄዳሉ። ምንጩ ያልተጻፈበትን ፎቶግራፍ ቢያምርም ይተዉት።

3. በጋዜጣ ውስጥ መፈለግን ይለማመዱ

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የድሮ ጋዜጣ ገጾችን ያነበበው ኮምፒውተር ነው፤ የደበዘዘ ቀለምና የተቀደደ ወረቀት ሲያጋጥመው ፊደል ያሳስታል። ስለዚህ አንድ ቃል ፈልገው ሲያጡ ዜናው የለም ብለው አይደምድሙ። ቃሉን ይለውጡ፤ ቀኑን ያጥብቡ፤ ግዛቱን ይምረጡ።

ለእሳቱ ቀኑን ከማርች 26 እስከ 31 ቀን 1911፣ ግዛቱን ኒውዮርክ ያድርጉ። ዛሬ የምንጠራበት ስም በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ጎልቶ ላይገኝ ይችላልና አሽ የተባለውን የሕንፃውን ስም ወይም ዋሽንግተን ፕሌስ የሚለውን የጎዳናውን ስም ይሞክሩ። ገጹን ሲያገኙ ኮምፒውተሩ የገለበጠውን ጽሑፍ ሳይሆን የገጹን ምስል ለተማሪው ያሳዩ። የርዕሱ ግዝፈት፣ ከዜናው አጠገብ የወጣው ማስታወቂያ፣ ወደ ታች የተጣለው ሌላ ዜና ሁሉ ትምህርት ነው።

ከዚያ የኒውዮርክ ትሪቢዩንን የማርች 26 የፊት ገጽ ከሌላ ግዛት ጋዜጣ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የመጀመሪያ ቀናት ጋዜጦች በሟቾች ቁጥር አይስማሙም። ይህ ለተማሪ መልካም ድንጋጤ ነው፤ ዛሬ በእርግጠኝነት የምንጽፈው 146 በአንድ ሌሊት አልተገኘም። እንዲያውም የመጨረሻዎቹ ስድስት ሟቾች ስም የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011 ነው። ተማሪው አንድ ተጨማሪ ነገር ይቁጠር፦ በዜናው ውስጥ ስንት ባለሥልጣን፣ ስንት ባለ ንብረት፣ ስንት የፋብሪካ ሴት ሠራተኛ ተናግረዋል?

4. ፎቶግራፉን ከመግለጫው ለይተው ያሳዩ

ሉዊስ ሃይን በሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ላይ ለተነሣው ብሔራዊ ኮሚቴ ከ1908 ጀምሮ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ አገሪቱን ዞረ። በጥጥ ፋብሪካ፣ በከሰል ማዕድን፣ በጎዳና ላይ ጋዜጣ የሚሸጡ ልጆችን አነሣ። ባለ ፋብሪካዎቹ ስለማይፈልጉት ሌላ ሰው መስሎ የገባበት ጊዜ አለ፤ የልጆቹን ቁመት በኮቱ ቁልፎች ይለካ፣ ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ በድብቅ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ከ5,000 በላይ ፎቶግራፎቹ ከነመግለጫቸው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

በጃንዋሪ 1911 በፔንስልቬኒያ ሳውዝ ፒትስተን ያነሣቸውን፣ ከከሰል ውስጥ ድንጋይ የሚለቅሙ ልጆች ያውጡ። መግለጫውን በወረቀት ይሸፍኑ። ለጥቂት ደቂቃ ማንም አይናገር። ከዚያ በቅደም ተከተል ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ምን ታያላችሁ? ከምታዩት ተነሥታችሁ ምን ትገምታላችሁ? ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ? የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ራሱ ለመምህራን የሚመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ተማሪዎች ሁልጊዜ ወደ ሁለተኛው ይዘላሉ፤ «አዝነዋል» ይላሉ። ይመልሷቸው። ሐዘኑን የት አየኸው? ፊቱ ላይ ያለው ምንድን ነው፣ ጥላሸት ነው? መግለጫው የሚገለጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ከባዱ ጥያቄ ይምጣ። ሃይን ሕግ እንዲወጣ የሚታገል ድርጅት ቅጥረኛ ነበር። ፎቶግራፎቹ እውነት ናቸው፤ ግን የተመረጡ እውነቶች ናቸው። ይህን ማለት ሥራውን ማሳነስ አይደለም። በ1916 የሕፃናትን ጉልበት የሚገድብ የፌዴራል ሕግ ወጣ፤ በ1918 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ ዘላቂው ሕግ የመጣው በ1938 ነው። አንድ ፎቶግራፍ ሕግ አወጣ የሚል ተማሪ እነዚህን ሦስት ዓመቶች ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

ሲያወርዱ በጣም ከባዱን ፋይል ይተዉት፤ መካከለኛው ለሕትመትም ለስክሪንም ይበቃል። በአሜሪካ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈው ጽሑፍና ፎቶግራፍ የጋራ ሀብት ነው። ቢሆንም በየሰነዱ ሥር የአጠቃቀም መብትን የሚገልጽ መስመር ስላለ ያንብቡት።

5. ችሎቱን ወደ ክፍል ያምጡ

የፋብሪካው ባለቤቶች ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ በ1911 መጨረሻ ለፍርድ ቀረቡ። ኮርኔል የችሎቱን ቃል በቃል መዝገብ በኢንተርኔት ለቆታል። መዝገቡ ረጅም ነው፤ ሁሉንም አይፈልጉትም። ኬት ኦልተርማን የተባለችውን ምስክር ቃል ብቻ ይውሰዱ።

ይህች ከእሳቱ የተረፈች ወጣት፣ እንግሊዝኛ ገና ያልጠናላት ስደተኛ፣ ጓደኛዋ በተቆለፈው በር አጠገብ ስትሞት ያየችውን ተናገረች። የተከሳሾቹ ጠበቃ ማክስ ስቱየር ታሪኩን ደግማ ደጋግማ እንድትናገር አደረጋት። በየጊዜው በተመሳሳይ ቃላት ተናገረች። ጠበቃውም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች (ጁሪው) ምስክርነቱ በቃል የተጠና ነው ብለው እንዲያስቡ አደረገ። ባለቤቶቹ በነፃ ተለቀቁ፤ ዐቃቤ ሕግ በሩ መቆለፉን ብቻ ሳይሆን ባለቤቶቹ መቆለፉን ማወቃቸውንም ማስረዳት ነበረበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ብላንክ በሌላ ፋብሪካው በር ቆልፎ ተያዘና 20 ዶላር ተቀጣ።

ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ያከራክሩ። አንዱ ወገን ቃላቱ ያልተለወጡት ስለተጠኑ ነው ይበል። ሌላው፣ በማታውቀው ቋንቋ ስለ ሞት የምትናገር ልጅ የምታውቃቸውን ጥቂት ቃላት ይዛ ከመድገም ሌላ ምን አማራጭ አላት ይበል። ወላጆቹ በእንግሊዝኛ ፍርድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ሲቸገሩ ያየ የእኛ ልጅ ለሁለተኛው ወገን የሚናገረው አያጣም።

6. ከእሳቱ ወደ ሕጉ ይሻገሩ

የፋብሪካዋ ሴቶች እንዴት ወደ አሜሪካ እንደገቡ፣ ታናናሾቻቸው ለምን መግባት እንዳቃታቸው ለማሳየት ሁለት ሰነድ ይበቃል። አንደኛው በኤሊስ ደሴት ስላለፉት መንገደኞች ነው፤ በ1907 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በዚያ አልፏል። ሁለተኛው በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ የኮታ ሠንጠረዥ ነው። ኮታው የተሰላው በ1890 ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ይኸውም የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች በብዛት ከመምጣታቸው በፊት። ውጤቱ ለጀርመን 51,227፣ ለጣሊያን 3,845 ሆነ። ኢትዮጵያም በሠንጠረዡ አለች፤ የደረሳት ዝቅተኛው ኮታ 100 ነው።

ተማሪው ቁጥሩን ብቻ አይመን። ለቻይናም 100 ተጽፏል፤ ነገር ግን ሕጉ በዘራቸው ምክንያት የአሜሪካ ዜግነት ማግኘት የማይችሉትን ስለከለከለ ያ ኮታ ለቻይናውያን አልነበረም።

7. ለክፍል ሲያዘጋጁ

በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሁለት ሰነድ በላይ አያስገቡ። ሁሉንም አስቀድመው አውርደው ያትሙ፤ የኢንተርኔት መቆራረጥ ትምህርቱን አይብላው። የጋዜጣውን ርዕስና የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አብራችሁ አንብቡ፤ የዘመኑ ዓረፍተ ነገር ረጅም ነው፣ የኮምፒውተር ትርጉምም ይሰናከልበታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰጠዎትን ጥቅስ ዋናውን ገጽ ከፍተው ካላዩት በስተቀር ለተማሪ አይስጡ፤ ያልነበረ ጋዜጣ ከነቀኑ ፈጥሮ ሊያቀርብልዎ ይችላል።

8. ለቤት ሥራ

ራሳቸው እንዲፈልጉ ይልቀቋቸው። አማርኛ ተናጋሪ ለሆነ ተማሪ የምመርጠው ርዕስ ይህ ነው። በ1919 ደጃዝማች ናደው የመሩት፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ደስታ የነበሩበት የኢትዮጵያ ልዑክ አሜሪካን ጎብኝቶ ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋር ተገናኝቷል። በዚያው ዓመት ጁላይ 27 ቀን ቺካጎ ውስጥ 38 ሰዎች የሞቱበት የዘር ግጭት ፈነዳ። ጋዜጦቹ አገራችንን የሚጠሩት አቢሲኒያ ብለው ነውና በላቲን ፊደል ያንን ይጻፉ፤ ጊዜውን ከጁላይ እስከ ኦገስት 1919 ይገድቡ። ተማሪው አንድ ገጽ መርጦ ሦስት ነገር ጽፎ ያምጣ፦ ጋዜጣው ስለ ልዑካኑ ልብስ ስንት መስመር ጻፈ፣ ስለ ተናገሩት ስንት መስመር ጻፈ፣ በዚያው ገጽ ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የወጣ ሌላ ዜና አለ ወይ?