የምርት ሂደት እውቀትን በሴማንቲክ ዌብ እንዴት ማደራጀት ይቻላል

ስለ አንድ ፋብሪካ የምርት ሂደት የሚታወቀው ነገር ከፊሉ በኤክሴል፣ ከፊሉ በአሠራር መመሪያ፣ ዋናው ግን በነባር ባለሙያዎች ጭንቅላት ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። ሴማንቲክ ዌብ ይህን ሁሉ ሰውም ኮምፒውተርም በሚረዳው አንድ መልክ ለማስፈር ያስችላል።

1. አስቀድመው ጥያቄዎችዎን ይጻፉ። «ይህ ምድጃ ቢበላሽ የትኞቹ ምርቶች ይቆማሉ?» የሚል ዓይነት አሥር ጥያቄ ለመነሻ ይበቃል።

2. ኦንቶሎጂውን፣ ማለትም የነገሮችን ዓይነትና ግንኙነት የሚደነግገውን መዝገብ፣ በፕሮቴጄ (Protégé) ይሥሩ። ሶፍትዌሩ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲሆን በነጻ ይገኛል። የታቀደውንና የተከናወነውን ሂደት ለየብቻ ይመዝግቡ፤ መመሪያው ብረቱ በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሙቅ ቢል በዕለቱ የተለካው 838 ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ነገር ላይ መለጠፍ የኋላ ኋላ ያምታታል።

3. መረጃውን አርዲኤፍ (RDF) ወደተባለው የሴማንቲክ ዌብ አጻጻፍ ይቀይሩ። እያንዳንዱ እውነታ ባለቤት፣ ግንኙነትና ተሳቢ ያለው አጭር ዓረፍተ ነገር ይሆናል፤ «ማጠንከር-12 ተከናወነበት ምድጃ-3» እንደማለት። ለዚህ ከተዘጋጁ መቀየሪያዎች ይልቅ በፓይተን የተጻፈች አጭር ስክሪፕት እመርጣለሁ፤ ስህተቱ የት እንደገባ ወዲያው ይታያል።

4. መረጃውን ሻክል (SHACL) በተባለው የመረጃ መፈተሻ ቋንቋ ይፈትሹ። እኔ የተሰናከልኩት እዚህ ላይ ነው። ከዳታቤዝ ሥራ የመጣሁ እንደመሆኔ፣ «ተከናወነበት» የሚለው ግንኙነት ተሳቢው ማሽን እንደሆነ በኦንቶሎጂው ስደነግግ፣ የተሳሳተ መረጃ በሩ ላይ ይመለሳል ብዬ አምኜ ነበር። አንድ ቀን በማሽን ቁጥር ቦታ የኦፕሬተር መለያ ቁጥር ተጻፈ። ድምዳሜ አውጪው ፕሮግራም ምንም ሳይቃወም ኦፕሬተሩ ማሽን ነው ብሎ ደመደመ፤ ሰውየውም የቅባት ተራ ከደረሳቸው ማሽኖች ዝርዝር ውስጥ ተገኘ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አውል (OWL) በተባለው የኦንቶሎጂ ቋንቋ የተጻፈ ደንብ አዲስ ድምዳሜ ያወጣል እንጂ ዘብ አይቆምም። በዚህ ላይ ያልተጻፈ ነገር ሐሰት ሳይሆን ገና ያልታወቀ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ማጠንከር ሙቀት ሊኖረው ይገባል ብለው ቢደነግጉና ሙቀቱ ሳይመዘገብ ቢቀር፣ ፕሮግራሙ «አንድ ቦታ ይኖራል» ብሎ ያልፋል። ሰውና ማሽን ምንም የጋራ አባል እንደሌላቸው አስቀድሜ ብደነግግ፣ ኦፕሬተሩም ሰው ተብሎ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ፣ ተቃርኖው ይያዝ ነበር። የጎደለ መረጃን የሚይዘው ግን በ2017 መስፈርት ሆኖ የወጣው ሻክል ነው።

ቅደም ተከተሉንም ይጠብቁ፤ ፍተሻው ድምዳሜ ከመውጣቱ በፊት በጥሬው መረጃ ላይ ይካሄድ። ከድምዳሜው በኋላ ከሆነ ኦፕሬተሩ ቀድሞ ማሽን ስለሚባል ፍተሻውን በሰላም ያልፋል።

5. ፍተሻውን ያለፈውን መረጃ እንደ ፉሴኪ (Fuseki) ባለ የአርዲኤፍ ማከማቻ ያስገቡና የመጀመሪያዎቹን አሥር ጥያቄዎች ስፓርክል (SPARQL) በተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ይጠይቁ። ባዶ መልስ ሲመጣ ጥያቄውን ከመቀየርዎ በፊት የስያሜዎቹን አድራሻ (እያንዳንዱ ነገር በአርዲኤፍ የሚለይበትን IRI) ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ አንዲት የተዛባች ፊደል ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መልሱን ባዶ ታደርገዋለች።